ሦስት ዓመት ሽንፈት በዕቅድ፦ የሳም ሂንኪና የፊላዴልፊያ ጉዳይ

ሳም ሂንኪ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የሚጫወተውን የፊላዴልፊያ ሴቨንቲሲክሰርስን (ባጭሩ ሲክሰርስን) የመራው ከሜይ 2013 እስከ ኤፕሪል 2016 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሦስቱ የውድድር ዘመናት ቡድኑ 47 ጊዜ አሸነፈ፤ 199 ጊዜ ተሸነፈ። በተለመደው አሠራር እንዲህ ያለ ሥራ አስኪያጅ ይባረራል፣ ከዚያም ይረሳል። ሂንኪ ግን ይኸው ስንት ዓመት ሆኖትም የቅርጫት ኳስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ስሙ ከተነሳ ወሬው ወደ ክርክር ይዞራል። አንዱ ከዘመኑ የቀደመ ሰው ነበር ይላል። ሌላው ስፖርቱን ያረከሰ ሰው ይለዋል።

እኔ ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ዛሬ ተሸንፎ የነገን ኮከብ ማግኘት የሚለው ስሌቱ በአብዛኛው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ግን ስሌቱ ውስጥ ያላስገባው አንድ ትልቅ ወጪ ነበር፤ እሱም የሰው ትዕግሥት ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ብዙው ክርክር የሚበላሸው ማን ምን እንደሠራ ሳይለይ ስለሚጀመር ነው።

አይሞቅ አይበርድ

ሲክሰርስ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ያነሳው በ1983 ነው። በ2001 አለን አይቨርሰን ቡድኑን ይዞ ለፍጻሜ ደረሰና በሌከርስ 4 ጨዋታ ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት አይሞቅ አይበርድ ነበር። አንዳንዴ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፤ ሁለት ቡድኖች አንዱ አራት ጨዋታ እስኪያሸንፍ እስከ ሰባት ጊዜ የሚጋጠሙበት) ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

በ2012 ግን አንድ የሚያሳስት ነገር ተፈጠረ። ቡድኑ በ8ኛ ደረጃ ፕሌይኦፍ ገብቶ ቺካጎን ጣለ። እውነቱን ለመናገር የቺካጎው ኮከብ ዴሪክ ሮዝ በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቱን ባይጎዳ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። ከዚያ ሲክሰርስ ቦስተንን እስከ ሰባተኛ ጨዋታ አደረሰው። አለቆቹም አንድ ትልቅ ተጫዋች ብቻ እንደጎደላቸው አመኑ። በዚያው ዓመት ኦገስት አንድሬ ኢግዎዳላን፣ ወጣቱን ኒኮላ ቩቼቪችን፣ ሞ ሃርክለስንና አንድ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ (አዲስ ወጣት ተጫዋች ቀድሞ የመውሰድ መብት፤ ዝርዝሩ ወደ ታች አለ) ሰጥተው አንድሩ ባይነምን አመጡ። ባይነም ጉልበቱ አልሻል ብሎት ለሲክሰርስ አንዲት ደቂቃ እንኳን አልተጫወተም። ቡድኑ 34 አሸንፎ፣ 48 ተሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሂንኪን የሚተቹ ሰዎች ብዙ ጊዜ ደህና ቡድን እንዳፈረሰ አድርገው ያወራሉ። የተረከበው ግን ኮከብ የሌለው፣ የነገ ምርጫውን ቀድሞ የበላ፣ አቋራጭ ሞክሮ የተቃጠለ ቡድን ነው። ባለቤቱ ጆሽ ሃሪስና ሸሪኮቹ የቀጠሩት ከዚያ ኪሳራ ማግስት ነው። ሂንኪ በስታንፎርድ ቢዝነስ የተማረ፣ በሂውስተን ሮኬትስ ከዳሪል ሞሪ ሥር የሠራ፣ ነገሩ ሁሉ በቁጥር የሆነ ሰው ነበር። ዕድሜው ገና 35።

ተሸናፊን የሚክስ ሊግ

የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ አንባቢ እዚህ ጋ ግር ሊለው ይችላል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መጨረሻ የወጣ ክለብ ይወርዳል፣ ገቢው ይቀንሳል፣ ተጫዋቾቹ ይበተናሉ። በኤንቢኤ መውረድ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም መጨረሻ የወጣው ይካሳል።

ካሳው ድራፍት ነው። ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶች በየዓመቱ ለቡድኖቹ ይደለደላሉ። ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ በዕጣ ይወሰናል፤ ዕጣው ግን ለደካማው ያደላል። በሂንኪ ጊዜ መጨረሻ የወጣ ቡድን አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉ 25 በመቶ ነበር። ቢከፋ ቢከፋ ከአራተኛ አይወርድም። የተመረጠው ልጅ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በርካሽ ደመወዝ ይጫወታል። በዚህ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ እንደ ሪያል ማድሪድ ኮከብ በኮከብ ላይ መደራረብ አይችልም። ውላቸውን የጨረሱ ኮከቦችም በአብዛኛው ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ማያሚ ነው የሚያዩት። ፊላዴልፊያ ያኔ ከማንም ምኞት ውስጥ አልነበረችም።

አምስት ሰው በሚሰለፍበት ጨዋታ አንድ ልዩ ተጫዋች የሚያመጣው ለውጥ በእግር ኳስ ከሚያመጣው በእጅጉ ይበልጣል። ዋንጫ የሚወስዱት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ሰው ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ያለው ሰው ከየት ይመጣል የሚል ነው። የሂንኪ መልስ፦ ከድራፍቱ አናት። የትኛው ልጅ ኮከብ እንደሚሆን ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ስለዚህ ዕጣው መብዛት አለበት።

የድራፍት ምርጫ እንደ ማንኛውም ንብረት ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገንዘብ የቸኮለ ዕቁብተኛ ዕጣው ሲወጣለት ወይም ከመውጣቱ በፊት ከሌላው ጋር ይደራደራል፤ መቆየት የሚችለው ያተርፍበታል። በኤንቢኤ ውስጥ ሁሉም ይቸኩላል። አሠልጣኙ ይቸኩላል፣ ሥራ አስኪያጁ ይቸኩላል፣ ባለቤቱ ይቸኩላል። ሂንኪ በዚህ ሁሉ ችኩል መሀል የማይቸኩለው ሰው እኔ ልሁን አለ። ዕቅዱ ሲጨመቅ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምሽት

ሥራ በጀመረ በሁለት ወር ሳይሞላው ጁን 27 ቀን 2013 ድራፍት ነበር። በዚያ ምሽት ጁሩ ሆሊዴይን ሸጠው። ሆሊዴይ 23 ዓመቱ ነው፤ በዚያው ዓመት ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ (ኦል ስታር) ተመርጧል፤ የቡድኑ ምርጥ ተጫዋች ነው። በምትኩ ከኒው ኦርሊንስ የመጣው 6ኛ የተመረጠው ነርለንስ ኖኤልና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። ኖኤል የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ በክራንች የሚሄድ ልጅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም።

በራሱ 11ኛ ምርጫ ማይክል ካርተር ዊሊያምስን ወሰደ። ልጁ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ዕድል እንዴት እንደሚቀልድ ለማየት ግን፣ በዚያው ምሽት 15ኛ ላይ የወጣው በኋላ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ያኒስ አንቴቶኩምፖ ነው። ሂንኪም አልፎታል፣ ሌሎች 13 ምርጫዎችም አልፈውታል። ድራፍት ሳይንስ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ያ ዓመት በሦስት ተከታታይ ድል ተጀመረ፤ የመጀመሪያው የተሸነፈው ደግሞ የወቅቱ ሻምፒዮን ማያሚ ሂት ነበር። ከዚያ ፌብሩዋሪ ላይ ደህና ደህናዎቹ ተሸጡ። ቡድኑ 26 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ በአንድ የውድድር ዘመን እስከዚያ ከነበረው የሊጉ ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነው። ማርች 29 ዲትሮይትን 123 ለ 98 ሲያሸንፍ ሜዳው ዋንጫ የተበላ መሰለ። መጨረሻው 19 ድል፣ 63 ሽንፈት።

በ2014 ድራፍት ደግሞ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ልጆች ወሰደ፤ ሁለቱም በቀጣዩ ዓመት አይጫወቱም። 3ኛ የወጣው ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ ነው። የያውንዴ ልጅ ነው፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ከ15 ዓመቱ በኋላ ነው። ከድራፍቱ ጥቂት ቀናት በፊት የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ባያደርግ አንደኛ ይሆናል ይባል ነበር። ሌላው ክሮኤሺያዊው ዳሪዮ ሻሪች ነው፤ እሱም ቱርክ ውስጥ ውል ነበረው። ሻሪችን ያመጣው ልውውጥ ባይነም ሲመጣ የተሰጠውን የሲክሰርስን የራሱን የወደፊት ምርጫ ከኦርላንዶ አስመለሰ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቀጣዩ ዓመት 18 ለ 64። ካርተር ዊሊያምስም ተሸጠ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የሚለውን ዋንጫ ከወሰደ ዓመት ሳይሞላው። በምትኩ የሌከርስ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መጣ። ያኔ ብዙ ሰው አበደ እንዴ ብሎ ነበር። ካርተር ዊሊያምስ ከዚያ በኋላ ቡድን ከቡድን ሲዘዋወር ኖረ፤ ሂንኪ በትክክለኛው ሰዓት ሸጦታል።

በ2015 ድራፍት 3ኛ ላይ ጃሊል ኦካፎርን ወሰደ። ይህኛው ግን ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው። ኖኤል ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ነው። ኤምቢድ ሴንተር ነው። ኦካፎርም ሴንተር ነው። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ሴንተር። ያውም ጎልደን ስቴት በሦስት ነጥብ ተኩስ ዋንጫ በወሰደ ማግስት። በሂንኪ አስተሳሰብ የተሻለውን ልጅ ውሰድ፣ ቦታውን ኋላ ታስተካክላለህ ነው። በወረቀት ላይ ያስኬዳል። ሜዳ ላይ ግን ሁለት ሴንተር ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላውን መንገድ ሲዘጋ ዓመቱ አለፈ። ኦካፎርን ተከትሎ 4ኛ የወጣው በኋላ ኮከብ የሆነው ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ነበር።

የሳክራሜንቶው ልውውጥ

የዕቅዱን አንጎል ለማየት አንድ ልውውጥ ይበቃል። ጁላይ 2015 ላይ ሳክራሜንቶ ኪንግስ በአስቸኳይ ከደመወዝ ጣሪያው በታች ቦታ ፈለገ። ሊያስፈርማቸው የሚያሳድዳቸው ተጫዋቾች ነበሩ። ያኔ ሲክሰርስ ጋ ያልተነካ የደመወዝ ቦታ ሞልቷል፤ ማንንም ከባድ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን አልነበረምና።

ሂንኪ የሰጠው ሁለት አውሮፓውያን የመውሰድ መብት ነው፤ አርቱራስ ጉዳይቲስና ሉካ ሚትሮቪች። ሁለቱም ኤንቢኤ ውስጥ አንድም ቀን አልተጫወቱም። የተቀበለው ደግሞ ከዓመት በፊት 8ኛ የተመረጠውን ኒክ ስታውስካስን፣ ሁለት ደመወዛቸው ከበድ ያሉ ተጫዋቾችን፣ አንድ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና በ2016 እና በ2017 የድራፍት ቦታ የመለዋወጥ መብት ነው። ማለትም ሳክራሜንቶ የተሻለ ዕጣ ከወጣለት ሲክሰርስ ቦታውን ይወስዳል፣ የራሱን ይሰጠዋል።

በ2017 እንዳለውም ሆነ። በዕጣው ሳክራሜንቶ 3ኛ፣ ሲክሰርስ 5ኛ ወጡ። ሲክሰርስ መብቱን ተጠቅሞ 3ኛውን ወሰደ። ያ 5ኛ ምርጫ ከኦርላንዶ የተመለሰው ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ። ያ ባይመለስ ኖሮ የሚለዋወጠው ነገር እንኳን አልነበረም። ከባዶ እጅ ማለት ይቻላል የመጣ ትርፍ ነው። ሂንኪ ግን ያኔ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር።

ዝም ያለው ሰውዬ

ሂንኪ አይናገርም። ጋዜጠኛ አያናግርም ማለት ይቻላል፤ የተጫዋቾች ወኪሎችም አኮረፉት። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም፤ ዕቅዱን የሚነግር ነጋዴ ዋጋ ይወደድበታል። ግን ቦታው ባዶ አይቀርም። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ማይክ ፊት ቀርቦ የሚያስረዳው አሠልጣኙ ብሬት ብራውን ሆነ። ሰውየው በየምሽቱ ሌላ ሰው ያወጣውን ዕቅድ በትሕትና ሲከላከል ሦስት ዓመት አሳለፈ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የማዝንለት አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ተጫዋቾቹስ? በየጊዜው አዲስ ፊት ይመጣል፣ ይሄዳል። ቶኒ ሮተን የተባለ ተጫዋች በየቀኑ "ሂደቱን እመኑ" እንደሚባሉ ለጋዜጠኛ ተናገረ። ቃሉ የደጋፊው መፈክር ሆነ፤ ስታዲየም ውስጥ ይዘመር ጀመር። ኤምቢድ ራሱን "ሂደቱ" ብሎ ጠራ። መፈክሩ ደስ ይላል፤ የስታዲየሙ ወንበር ግን ባዶ ነበር። የሲክሰርስ የተመልካች ቁጥር በሊጉ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወርዷል። እንግዳ ሆነው የሚሄዱባቸው ቡድኖችም ቅር ይላቸዋል፤ ሲክሰርስ የመጣ ቀን ትኬት አይሸጥምና።

2015-16 ከሁሉም ባሰ። ካለፈው ዓመት መጨረሻ ጋር ሲደመር 28 ተከታታይ ሽንፈት። ያ ሰንሰለት የተበጠሰው ዲሴምበር 1 ሌከርስን 103 ለ 91 ሲረቱ ነው፤ ኮቢ ብራያንት በተወለደባት ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተበት ምሽት። በሳምንቱ ጄሪ ኮላንጄሎ የተባለ የሊጉ አንጋፋ ሰው ከሂንኪ በላይ ተሾመ። ሊጉ ራሱ ግፊት እንዳደረገ በሰፊው ተዘገበ። ኤፕሪል 6 ቀን 2016 ሂንኪ ለባለድርሻዎቹ 13 ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለቀቀ። ደብዳቤው ወዲያው ወጣ። ዋረን በፌትን ይጠቅሳል፣ ሊንከንን ይጠቅሳል፣ ከሁሉም ሰው ርቆ ስለማየት ይሰብካል። ለሦስት ዓመት ያልተናገረውን በአንድ ቀን ተናገረው። ግማሹን እንኳን ቀደም ብሎ በአደባባይ ቢለው ኖሮ በባለቤቶቹ ፊት የሚከላከልለት ሕዝብ ይኖረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዓመቱ በ10 ድልና በ72 ሽንፈት አለቀ። ከዚህ የባሰው የ82 ጨዋታ ውጤት 9 ለ 73 ነው። ያስመዘገበውም ማን ይመስላችኋል? ራሱ ሲክሰርስ፣ በ1972-73።

በሚቀጥለው ወር ዕጣ ሲወጣ አንደኛው ለፊላዴልፊያ ደረሰ።

የሰበሰበውን ማን በላው?

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚወሳሰበው። ሂንኪ የሰበሰበውን ያወጡት ሌሎች ናቸው። በእሱ እግር የተተካው የጄሪ ልጅ ብራያን ኮላንጄሎ ነው። አንደኛ ምርጫ ቤን ሲመንስ ሆነ። ኤምቢድ በኦክቶበር 2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገባ፤ ሂንኪ ከሄደ ስድስት ወር አልፎታል። በ2017-18 ቡድኑ 52 አሸነፈ፤ በ16 ተከታታይ ድል ጨረሰ።

ግን በ2017 ያ ከሳክራሜንቶ የመጣ 3ኛ ምርጫ ምን ሆነ? ኮላንጄሎ እሱንና አንድ የወደፊት ምርጫ ጨምሮ ለቦስተን ሰጠና አንደኛውን ወሰደ። ማርኬል ፉልትዝን መረጠ። ፉልትዝ የትከሻ ችግር ገጥሞት ተኩሱ ጠፋበት። ቦስተን በ3ኛው የወሰደው ጄሰን ቴተምን ነው። ሜይ 14 ቀን 2023 ሲክሰርስና ቦስተን ሰባተኛ ጨዋታ ተገናኙ። ቴተም 51 ነጥብ አስቆጠረባቸው፤ በሰባተኛ ጨዋታ ታሪክ ከፍተኛው ነው።

ካርተር ዊሊያምስ ተሸጦ የመጣው የሌከርስ ምርጫ ደግሞ በ2018 10ኛ ወጣ። ሚካል ብሪጅስን መረጡበት፤ ያው የፊላዴልፊያ ልጅ፣ እናቱ የቡድኑ ባለቤቶች ኩባንያ ውስጥ የምትሠራ። በዚያው ምሽት ለፊኒክስ ሸጡት። ልጁ ቤቱ እንደደረሰ ገና ሲያቀፉት ነበር።

ኖኤል ሄደ፣ ኦካፎር ሄደ፤ በምትካቸው ይህ ነው የሚባል ነገር አልመጣም። ለሻሪችና ለሮበርት ኮቪንግተን ጂሚ በትለር መጣ። በትለር ግን ከስምንት ወር በኋላ ወደ ማያሚ ሄደ። በመሀሉ ሜይ 12 ቀን 2019 ቶሮንቶ ላይ ሰባተኛ ጨዋታ። ውጤቱ 90 እኩል። ካዋይ ሌናርድ ከቀኝ ጥግ ኤምቢድ እጁን ዘርግቶበት ወረወረ። ኳሷ ብረቱን አንዴ መታች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣ ገባች። ኤምቢድ እያለቀሰ ወጣ። ቶሮንቶ ዋንጫውን ወሰደ። ያቺ ኳስ ብትወጣ ኖሮ ዛሬ ስለ ሂንኪ የሚጻፈው ሁሉ ሌላ ቃና ይኖረው ነበር፤ ይህም ስለ ስፖርት ክርክር ብዙ ይናገራል።

በ2021 ደግሞ ከአትላንታ ጋር በሰባተኛው ጨዋታ መጨረሻ ሲመንስ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ሆኖ ማግባት ሲችል ኳሷን አቀበለ። ከዚያ በኋላ ለሲክሰርስ አልተጫወተም።

ውጤቱን ስንደምር፦ ኤምቢድ የ2022-23 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ቡድኑ ከአሥር ዓመት በላይ ሲመኘው የነበረውን ልዩ ሰው አገኘ። ግን ከ2001 ወዲህ ከሁለተኛ ዙር አላለፈም። የዕቅዱ ወዳጆች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያነብባሉ፣ ጠላቶቹ ሁለተኛውን።

ሽንፈት ልጆችን ያበላሻል የሚለው ክስ ግን ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ከዚያው ፍርስራሽ ውስጥ በሁለተኛ ዙር የተገኘው ጀራሚ ግራንት በኋላ ጥሩ ገንዘብ የሚከፈለው አስቆጣሪ ሆነ። ማንም ያልመረጠው ኮቪንግተን በ2018 ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ተባለ። እሱም ማንም ያልመረጠው ቲጄ ማኮኔል በ2025 ከኢንዲያና ጋር የፍጻሜ ጨዋታ ተጫወተ። የኔ ቅሬታ በሌላ በኩል ነው። በዚያ ሁሉ ወጣት መሀል የሚያስተምር፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሥርዓት የሚያስይዝ ትልቅ ሰው አልተቀመጠም። ሁለትና ሦስት ጥሩ አንጋፋ ቢጨመር የሚጨምረው ድል ጥቂት ነው፤ ሂንኪ ግን ያቺንም ጥቂት ሰሰተ። ሆሊዴይ እንኳን፣ ያ በመጀመሪያው ምሽት የተሸጠው፣ በ2021 ከሚልዋኪ፣ በ2024 ከቦስተን ጋር ዋንጫ አነሳ።

ያው ዕቅድ፣ ሌላ ሰው

ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ሳም ፕረስቲ የሚባል ሰው አለ። ቡድኑን ከ2007 ጀምሮ ይመራል። ጁላይ 2019 ላይ ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሰጥቶ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን፣ ዳኒሎ ጋሊናሪን፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና ሁለት የመለዋወጥ መብት ተቀበለ። ከዚያ ቡድኑ በ2020-21 22 ብቻ አሸነፈ፣ በቀጣዩ 24። ዲሴምበር 2021 ላይ በሜምፊስ 152 ለ 79 ተሸነፈ፤ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ልዩነት ነው። ማንም ግን ይባረር አላለም። ማንም ሽማግሌ ከላዩ አልሾመበትም።

በ2022 ከክሊፐርስ በመጣው 12ኛ ምርጫ ጄለን ዊሊያምስን፣ በራሱ 2ኛ ምርጫ ቼት ሆልምግረንን ወሰደ። ሆልምግረንም እግሩን ተጎድቶ የመጀመሪያ ዓመቱን አልተጫወተም፤ ልክ እንደ ኤምቢድ። በ2024-25 ቡድኑ 68 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ፕረስቲ ከሂንኪ የበለጠ ብልጥ ነው ብዬ አይደለም። ፕረስቲ ሽንፈቱን ሲጀምር 2012 ላይ ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን የሠራ፣ ባለቤቱ የሚያምነው፣ ከተማው የሚያውቀው ሰው ነበር። ለረጅም ዕቅድ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት ቀድሞ አጠራቅሟል። ደግሞም ቀንሶታል፤ ሁለት ዓመት ብቻ ወደቀ፣ በሦስተኛው 40 አሸነፈ። ሂንኪ ባዶ እጁን ገብቶ፣ ሳይናገር፣ ለሦስት ዓመት እንዲታመን ጠየቀ። ቁጥር የሚወድ ሰው ይህን ቁጥር አላሰላውም።

ሊጉ ግን የሁለቱንም በር ጠበብ አድርጓል። የድራፍቱን ዕጣ ደንብ ለመቀየር በ2014 በተደረገው ድምፅ 17 ቡድኖች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፤ 23 ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ። በ2017 ግን 28 ደገፉ። አንድ ድምፅ ብቻ ተቃወመ፤ እሱም ኦክላሆማ ሲቲ ነበር። በዚያ ደንብ ከ2019 ጀምሮ ሦስቱ የመጨረሻ ቡድኖች እኩል 14 በመቶ ዕድል ተሰጣቸው፤ መጨረሻ የወጣውም እስከ 5ኛ ሊወርድ እንዲችል ሆነ።

ሲክሰርስ ራሱ ለምርጫ ሲባል ከመሸነፍ አልራቀም። በ2019 በትለር ሲሄድ አል ሆርፎርድን በትልቅ ውል አስፈረሙ፤ አልሆነላቸውም። በ2020 መጨረሻ ውሉን ለመገላገል ሆርፎርድን ለፕረስቲ ሲሰጡ የ2025 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መረቁበት፤ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ባለው ውስጥ ከወጣ ብቻ ለሲክሰርስ ይቀራል። በ2024-25 ኤምቢድ ተጎዳ፣ ቡድኑ 24 ለ 58 ወረደ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ መሸነፋቸው ምርጫቸውን ለማትረፍ ረዳቸው፤ ዕጣው 3ኛ ወጣና ቪጄ ኤጅኮምን ወሰዱ። ያኔ ቡድኑን የሚመራው ዳሪል ሞሪ ነው፤ ሂንኪን ሂውስተን ውስጥ ያሠራው ያው ሰው።